ሠርጉ ሐዋሳ ነው፤ ከሩቅ የሚመጡትን እንግዶች የት እናድርሳቸው? ምን እናብላቸው?

የሙሽራዋ እህት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ታናሽ እህቴ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ታገባለች። ሠርጉ እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ መልሱ ማክሰኞ። ድግሱን እናቴና ጎረቤቶቿ ይዘውታል። መኪናውን፣ ቬሎውን፣ ቪዲዮውን ሚዜዎቹ። ለእኔ የደረሰኝ እንግዳ ነው። 38 ሰው ከከተማ ውጭ ይመጣል።

የሙሽራው ቤተሰብ የደሴ ሰዎች ናቸው። አባቱ ክርስቲያን፣ እናቱ ሙስሊም፤ አክስት አጎቶቹም እንደዚያው ድብልቅ ናቸው። አብዛኞቹ ሐዋሳን አይተዋት አያውቁም። ከእኛ በኩል ደግሞ አክስቴ ከነልጆቿ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ትመጣለች። ከአገር ከወጣች 22 ዓመቷ ነው። ልጆቿ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም። የቀሩት የአዲስ አበባ ዘመዶች ናቸው።

ሐሙስ ማታ ይገባሉ። ዓርብ፣ ቅዳሜና ሰኞ ባዶ ቀን ነው። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ዓርብ ጠዋት ወንዶ ገነት፣ ከዚያ ሻሸመኔ፣ ከሰዓት ሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ሄደን ቆርኬ እናያለን። ቅዳሜ ጠዋት ታቦር ተራራ፣ ቀጥሎ ጀልባ፣ ከሰዓት ይርጋለም። ሰኞ ላንጋኖ። ምሳና እራት ሆቴል። ኮስተር ልከራይ ነው። እስቲ የምታውቁትን ንገሩኝ። ሁለቱ ቤተሰቦች ከዚህ በፊት የተያዩት ለሽምግልና አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ደስ ብሏቸው እንዲሄዱ እፈልጋለሁ።

ታቦር ሥር፦

እንኳን ደስ ያላችሁ እህቴ። ፕሮግራምሽን አንብቤ ሳልጨርስ ደከመኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹን ሰርዢው።

የዛሬ አራት ዓመት ወንድሜን ስንድር እኔም እንዳንቺ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። በሠርጉ ዋዜማ 24 ሰው ጭነን ከከተማ ወጣን። ስንመለስ ጎማ ፈነዳ። ያከራየን ሰው መለዋወጫ ጎማ አልያዘም። ሌላ ጎማ እስኪመጣ ከ9 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት መንገድ ዳር ቆምን። በማግስቱ የሙሽሪትን እናት ድንኳኑ ውስጥ አየኋቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ልጃቸው እየተዳረች እሳቸው ተኝተዋል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ቅዳሜ ማንንም ከሐዋሳ አታስወጪ። ሴቶቹ ፀጉር ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ልብስ ይተኩሳሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይተኛሉ። ከከተማ መውጣት ካለ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ይብቃ። ሰኞ ቢሆን ይሻላል፤ ሠርጉ አልፎ ሁሉም ቀለል ብሎታል።

ሐይቅ ዳር፦

ታቦር ሥር ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ዓርብ ጠዋትን ነው። እሱን ቀን አሞራ ገደል ውሰጃቸው። ዓሳ ገበያውን ማለቴ ነው። ሆቴል ቁርስ እንዳትከፍይ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ጀልባዎቹ ሌሊቱን የተጣለውን መረብ ሰብስበው የሚገቡት በዚያ ሰዓት ነው። ውሃው እንደ መስታወት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳል፣ ሐይቁም ይናወጣል። ቆሮሶው ከመረብ ሲፈታ ያብረቀርቃል። አምባዛው ረጅም ጢሙን ይዞ ለብቻው ይከመራል። ልጆቹ በትንሽ ቢላ አንዱን ዓሳ ዓይንሽን ሳታርገበግቢ ገፈው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ያስቀምጡልሻል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ካባ እንደለበሰ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብስበው ትራፊ ይጠብቃሉ። ሕፃን ልጅ ከጎናቸው ቢቆም ቁመታቸው ይተካከላል። የአሜሪካዎቹ ልጆች ይህን ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም። ጥቂት ብር ለገበያው ልጆች ከሰጣችሁ ዓሳ ወርውረው አሞራዎቹን ያሰባስቡላችኋል።

ከዚያ እዚያው ዳስ ሥር ቁጭ በሉ። መጀመሪያ የዓሳ ሾርባ እዘዙ። ትኩስ ነው፤ ሎሚ ጨምቃችሁ፣ ዳጣ ጠብ አድርጋችሁ ነው። ቀጥሎ ሙሉውን ቆሮሶ፣ ጎኑ ተሸንትሮ የተጠበሰውን። ለየሰው ለብቻ አታዘዢ። ለአራት ለአምስት ሰው አንድ ትሪ ይበቃል፤ ደሴና ሐዋሳን ቀላቅለሽ አስቀምጫቸው። ዓሳ በእጅ ነው የሚበላው። እሾህ አለው። ሰው ለማያውቀው ሰው ምን እንደሚል ሲቸገር እንኳ «እሾህ አለው፣ ተጠንቀቂ» ይላል። ጨዋታ ከዚያ ይጀመራል። ነጭ ጠረጴዛ ላይ ሹካ ይዘው ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ቤተሰቦች ግን ሲተያዩ ያመሻሉ። አይቻለሁ።

ሁለት ነገር ልብ በይ። ጥሬ ዓሳ በዳጣ የሚበላም አለ፤ ከውጭ ለሚመጡት አይሆንም፣ ሆዳቸው አልለመደም። ጦጣና ጉሬዛው ደግሞ ዛፉን ሞልቶታል። ጉሬዛው ጨዋ ነው። ጦጣዋ ግን ከልጅ እጅ ሙዝ ነጥቃ ትሄዳለች፤ ቦርሳ ክፍት አይተው።

ደሴ ፒያሳ፦

የእኛን ሰዎች ስለምትቀበሉልን እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሁለቱንም የምለው ቤተሰቤ እንደ ሙሽራው ቤተሰብ ስለሆነ ነው። አንቺ ያላሰብሽው ነገር ስላለ ልንገርሽ።

ሥጋውን አስቢው። እኛ ዘንድ ድግስ ሲኖር ለሙስሊሙ ዘመድ ለብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ አስተናጋጁም ለብቻ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን የሚያስታውስሽ አያስፈልግሽም። ሐዋሳ ላይ ግን ሰው እንዳይቸገር ብለው ዝም ይላሉ። እናቱ «ጠግቤያለሁ» ካሉሽ አልጠገቡም። ለሠርጉም ለመልሱም ዛሬውኑ ለእናትሽ ንገሪያት።

ዓሳው ጥሩ የሆነውም ለዚህ ነው። ዓሳ ባራኪ አይፈልግም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል። የሚጠበስበት መጥበሻ ሥጋ የማይነካው መሆኑን ብቻ ጠይቂ።

ሌላው፣ ዓርብ ጁምዓ ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሰዎቹ መስጊድ ናቸው። አንቺ በዚያ ሰዓት ወንዶ ገነት ልትወስጂያቸው ነበር።

የሙሽራዋ እህት፦

ጁምዓውን ጨርሶ አላሰብኩትም። አመሰግናለሁ፣ በጣም። ግን ዓርብ እኮ ለእኛም ጾም ነው። አክስቴ ትጾማለች፣ የሙሽራውም አባት ይጾማሉ። ዓሳ እንዴት ይሆናል?

ደሴ ፒያሳ፦

«ዓሳ ይጾማል፣ አይጾምም» የሚለውን እዚህ ከጀመርነው ሠርጉ ያልፋል። ወጣቱ ይበላል። ትልልቆቹ በተለይ እናቶች አይነኩትም፤ ደግሞም እስከ 6 ሰዓት እህል የማይቀምስ አለ። ስለዚህ ዓሳውን ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዙሪው። ዓርብ ምሳ በያይነቱ ይሁን። እሱንም ሁለቱም ወገን ይበላል።

ሐይቅ ዳር፦

ትክክል ነው፣ እኔ ጾሙን ዘነጋሁት። ቅዳሜ ይሁን። ከከተማ ስለማያስወጣ ከታቦር ሥር ምክርም ጋር ይሄዳል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ጨርሳችሁ ወደ ፀጉር ቤት።

በዚያው ታቦር ተራራን ዓርብ ወደ ማታ ውጡት። ከፍ ያለ ኮረብታ ነው እንጂ የሚያስፈራ አቀበት የለውም። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ። ከላይ ሐይቁ ባንድ በኩል፣ ከተማዋ በሌላው ተዘርግታ ትታያለች። ጉልበት የሚያማቸውን አታስወጪ። እነሱን በባጃጅ ፍቅር ሐይቅ አድርሺያቸው፣ ዳር ላይ ቡና ይጠጡ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ከዚያም ይታያቸዋል።

አምስት ነጥብ፦

ነነዌን አረጋግጡ! ከጥር 17 ጀምሮ ሊገባ ይችላል። የገባ እንደሆነ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ጾም ነው። መልሱ ማክሰኞ ከሆነ ዶሮው ሁሉ ይቀራል።

የሙሽራዋ እህት፦

እሱን አባቴ አስቀድሞ ከቄሱ ጋር አይቶታል። ዘንድሮ ከእኛ በኋላ ነው የሚውለው። ተመስገን።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ባለፈው ዓመት እንደ አክስትሽ ሆኜ ነው የመጣሁት። በእንግዳው ዓይን ጥቂት ልበል።

እንቅልፋችን ይዛባል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይናችን ይፈጣል፤ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ እንወድቃለን። ስለዚህ የጠዋቱ ዓሳ ገበያ ለእኛ አይከብደንም፣ እንዲያውም እፎይታ ነው። ማታ ረጅም እራት ግን አታድርጊብን።

ልጆቹ ሐይቁን ሲያዩ ልዋኝ ይላሉ። አይሆንም በያቸው። ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለ። መዋኘት ለሚወድ የሆቴል ገንዳ ወይም ወንዶ ገነት። ማታ ማታ ትንኝ አለ። ሐዋሳ ወባ የሚገኝበት ከፍታ ላይ ናት፤ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቂ፣ የሚቀባም ይያዙ። ለልጆቼ ሐኪማቸው ቀድሞ መድኃኒት አዟል። አክስትሽም ከመነሳቷ በፊት ትጠይቅ።

ጀልባውን በተመለከተ አንድ የደረሰብኝን ልናገር። ስሙን አልጠራም። ለሁለት ሰዓት ተስማምተን ወጣን። ጉማሬ ለማየት ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ሄድን። ለስድስት ሰው የመጣው የሕይወት ጃኬት ሦስት ብቻ ነበር። መሀል ስንደርስ ነፋሱ ተነሳ። ትንሿ ልጄን አቅፌ እስክንመለስ አፌ ደረቀ። ስለዚህ ጃኬቱን ቆጥራችሁ፣ ለልጆቹ ልካቸው መሆኑን አይታችሁ፣ ዋጋውን ለጀልባው ነው ለሰው ብላችሁ ቆርጣችሁ ውጡ። ጠዋት ብቻ። ጉማሬዋንም ከሩቅ። ጀልበኛው «ልጠጋላችሁ» ሲል አይሆንም በሉት።

ሌላው ለአክስትሽ ነው። 22 ዓመት ቆይታ ስትመጣ ሁሉ ሰው ሊያስጎበኛት ይሮጣል። እኔ የፈለግሁት ያደግሁበትን ሰፈር ብቻ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። መጨረሻ ቀን በባጃጅ ብቻዬን ሄድኩ። ጠይቂያት።

የሙሽራዋ እህት፦

ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ዛሬ ማታ ደውዬ እጠይቃታለሁ።

የደቡብ መስመር፦

እኔ የመንገድ ሰው ነኝ፤ አዲስ አበባ ሐዋሳ እመላለሳለሁ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ በፈጣኑ መንገድ፣ ከሞጆም እስከ ባቱ እንደዚያው ነው። ከባቱ በኋላ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ ይበዛል፤ የቀረውን በኪሎ ሜትር አትቁጠሩት። ከ12 ሰዓት በኋላ እንዳትነዱ። ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሱ ረጋ ብለው ይደርሳሉ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ካለፈ ሹፌር ጠይቁ።

የደሴዎቹን በአንድ ቀን አታምጫቸው። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ይደሩ። ለአዛውንቶቹ አቅም ካለ አውሮፕላን አለ፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ከአንድ ሰዓት በታች ነው።

ላንጋኖን ደግሞ በሰኞ ደርሶ መልስ አታድርጊው። አዲስ አበባዎቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በመንገዳቸው ላይ ነው፤ ያኔ ይረፉበት። ውሃው ቡናማ ነው እንጂ ቢልሃርዚያ የለበትም፣ ይዋኙበታል። አርሲ ነጌሌን አልፈው አብያታ ሻላ ፓርክ ቢገቡ ሰጎን ያያሉ፣ የሻላን ፍል ውሃ ያያሉ። ለሠርግ እንግዳ ግን ይህ ሁሉ በመልስ መንገድ ነው የሚያምረው።

ኮስተር ስትከራዪ ትርፍ ጎማውን አውርደሽ እዪው። ታቦር ሥር የነገረሽን አትርሺ።

ሲዳማ ነኝ፦

ሁላችሁም ዓሳ ዓሳ አላችሁ። እንግዳ ሐዋሳ መጥቶ የሲዳማን ምግብ ሳይቀምስ ይሂድ? ይህ ያሳዝነኛል።

ቡርሳሜ አብሊያቸው። ከእንሰት ነው የሚሠራው። ቆጮው ደቆ፣ በቅቤ ታሽቶ፣ በሻፌታ ይቀርባል። ሻፌታ ትልቅ የሸክላ ገበታ ነው፤ ዙሪያውን ተቀምጠው ይበሉበታል። ከጎኑ ወተት ወይም እርጎ ይጠጣል። የደሴ ሰው ቅቤ ያውቃል፣ ይወደዋል። ሥጋ የለውምና የማረድ ጥያቄም አይመጣም። ዓርብ ግን ቅቤ ስላለው አይሆንም፤ ሰኞ አድርጊው። ብዙ ሰው ከሆነ ቤቱን ከአንድ ቀን በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል፤ እንሰት በችኮላ አይሆንም።

የዘመን መለወጫ በዓላችን ፍቼ ጨምበላላ በዚህ ወቅት አይደርስም። ግን ጉዱማሌን አሳዪያቸው። በዓሉ ሲደርስ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው፣ ሐይቁ አጠገብ። ዩኔስኮ በዓሉን የመዘገበው በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሽማግሌዎቻችን ኮከብ ቆጥረው ነው ቀኑን የሚወስኑት። ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ ዛፉ ሥር ቁሙና ንገሪያቸው።

ይርጋለም ከወደድሽ በግማሽ ቀን ይሆናል። አረጋሽ ሎጅ በቀርከሃ የተሠሩ የሲዳማ ቤቶች አሉት፤ ማታ ማታ ጅብ ይመጣል፣ ሰው ቆሞ ያያል። ቡናው በዙሪያው ነው። ጥር ላይ ቀዩ ፍሬ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ሲሰጣና ሲመረጥ ግን ያያሉ። ወደ ቤታቸው የሚወስዱትን ቡናም ከዚያ አካባቢ ይግዙ።

ታቦር ሥር፦

ይርጋለምና ወንዶ ገነት አንድ ቀን ላይ እንዳይገጥሙ ብቻ። አንዱ በደቡብ ነው፣ ሌላው በሰሜን ምሥራቅ። እኔን ብትጠይቂኝ ሰኞ ወንዶ ገነት። በሠርግ የደከመ እግር ፍል ውሃ ይፈልጋል። ልጆቹ ከምንጩ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ድንችና በቆሎ ቀቅለው ይሸጣሉ። ለአሜሪካዎቹ ልጆች እሱ ራሱ ትምህርት ነው።

ሲዳማ ነኝ፦

ይሁን። ቡርሳሜው እራት ይሆናል እንግዲህ። እሱን ግን እንዳትሰርዢው።

የሙሽራዋ እህት፦

እሺ፣ እንዲህ አደረግሁት። ዓርብ ጠዋት እረፍት፤ የፈለገ ቅዱስ ገብርኤል ይሳለማል፣ ከጁምዓ በኋላ በያይነቱ፣ ወደ ማታ ታቦር ወይም ፍቅር ሐይቅ። ቅዳሜ ጠዋት ዓሳ፣ ከዚያ ማንም የትም አይሄድም። ሰኞ ወንዶ ገነት፣ ማታ ቡርሳሜ። ጀልባው ቅዳሜ ጠዋት ለፈለገ ብቻ። ሰንቀሌና ይርጋለም ወጥተዋል። ላንጋኖ ለተመላሾቹ።

አክስቴን ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለችና «የውቅያኖስ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት አለ?» አለችኝ። ያኔ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ሱቅ ስም ነበር ሰፈሩን የሚጠሩት። ወፍጮ ቤቱ ፎቅ ሆኗል። ግራሩ ግን አለ። ዓርብ ጠዋት እኔና እሷ እንሄዳለን።

የሙሽራዋ እህት፦ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ሁሉም በሰላም ገቡ። ቃል ስለገባሁ ልጻፍላችሁ።

ኮስተሩ ትርፍ ጎማ ነበረው፤ አውርጄ አይቻለሁ። ሰኞ ወንዶ ገነት ስንደርስ ውሃው ሰው በዝቶበት ብዙ ጠበቅን፣ እሱ ብቻ ነው ያልተመቸን። ከ5 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ለሚቀጥለው ሰው። ቡርሳሜውን የደሴዎቹ ሁለተኛ አስጨመሩ። ሲዳማ ነኝ፣ የሙሽራው አጎት ሻፌታውን ገዝቼ ካልሄድኩ ብለው ገበያ ሲዞሩ ነው የዋሉት። አገኙ። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው የተመለሱት።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ያ ዓሳ ገበያ። በየትሪው ቀላቅዬ አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ዝም ተባለ። የሙሽራው እናት ከአክስቴ ትንሹ ልጅ ጎን ነበሩ። ሰባት ዓመቱ ነው። ዓሳውን ያየዋል እንጂ አይነካም። እሳቸው ሻርፓቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና ከአንዱ ቆሮሶ ሥጋውን በጣታቸው እየፈለቀቁ፣ እሾሁን አንድ በአንድ እያወጡ የትሪው ጠርዝ ላይ ደረደሩት። ከዚያ አጎረሱት። በላ። ደግመው አጎረሱት። ሦስተኛውን እሳቸው ለራሳቸው ሊጎርሱ ሲሉ እጃቸውን ያዛቸው። በአማርኛ «እሾህ አለው» አላቸው።

አክስቴ ሾርባዋን አስቀምጣ ወደ ሐይቁ ዞረች።

እሁድ ድንኳን ውስጥ ልጁ እናቱ ጋ አልተቀመጠም። እሳቸው ጋ ነበር።

ደሴ ፒያሳ፦

ሥጋውስ? ለብቻ ሆነላቸው?

የሙሽራዋ እህት፦

ለብቻ ታረደ፣ ለብቻ ተሠራ፣ ድስቱ ላይ ቀይ ክር አሰርንበት። እናቱ ሁለት ጊዜ አስጨምረዋል።